ካርዱን የጨረሰው የትኛው ምጣድ ነው?

አዲሱ የመብራት ታሪፍ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ለአራት ዓመት እንዲቆይ ሆኖ፣ በየሦስት ወሩ እየጨመረ ሥራ ላይ ውሏል። ከዚያ ወዲህ በየቤቱ የሚሰማው ወሬ ተመሳሳይ ነው። «ካርዱን ምጣዱ ጨረሰው» ይባላል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የሕዳሴ ግድብ ሲመረቅ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ተነሣ። 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው ግድብ ከሠራን፣ ለምን ሁሉም ቤት በኤሌክትሪክ ምጣድ አይጋግርም?

ሁለቱም ወሬዎች «ምጣድ» በሚለው ቃል ላይ የቆሙ ናቸው። ችግሩ ተናጋሪዎቹ አንድ ዕቃ እያሰቡ አለመናገራቸው ነው። አንዱ ሸክላውን ያስባል። ሌላው ከነሽቦው፣ ከነቆርቆሮው ያለውን መሣሪያ ነው የሚያስበው። ሦስተኛው ከሥር ያለውን ምድጃ ምጣድ ይለዋል። በወሬ ደረጃ ይህ ብዙ አይጎዳም። ስለ ዋጋ፣ ስለ ብቃት ደረጃና ስለ ማገዶ ስንነጋገር ግን የትኛውን ማለታችን እንደሆነ ካልለየን መፍትሔውም ቦታውን ይስታል።

ስሙ ከሸክላው ወደ መሣሪያው

የቀድሞው ትርጉም ግልጽ ነው። ምጣድ ክብ፣ ጠፍጣፋ፣ ከሸክላ የተሠራ መጋገሪያ ነው። «ጣደ» ከሚለው ግስ ጋር ያለው ዝምድና በጆሮ ይሰማል። ድስትም ጀበናም ይጣዳል፤ ስሙን ራሱን ከመጣድ ያገኘው ግን ምጣድ ነው። በዙሪያው ያለው ሁሉ የየራሱ ስም አለው። የሚቀመጥበት ጉልቻ ነው። የሚከደንበት አክንባሎ ነው። የሚታሰስበት ጨርቅ ማሰሻ፣ እንጀራው የሚወጣበት ሰፌድ ይባላል። እሳቱም እንጨቱም የምጣዱ አካል ሆነው አያውቁም።

«ለምጣዱ ሲባል አይጧ ትለፍ» የሚለው ተረትም የሚገባን ምጣድ በአንድ ምት የሚሰበር ሸክላ መሆኑን ስናውቅ ነው። አይጧን ለመምታት የተወረወረ ዱላ ምጣዱን ያደቀዋል። ስለዚህ ትለፍ።

ቃሉ መስፋት የጀመረው በኤሌክትሪክ አይደለም። ቡና የሚቆላበትን፣ ቆሎ የሚታመስበትን ዕቃ «ብረት ምጣድ» ካልን ቆይተናል። እዚያ ላይ ቋንቋው ጥንቃቄ አድርጓል። ቁሱ ስለተለወጠ «ብረት» የሚል ቅጽል ጨመረበት። ቅጽል የሌለው «ምጣድ» ግን የሸክላው ስም ሆኖ ቀረ።

ኤሌክትሪክ ሲመጣ ነገሩ ተገለበጠ። ሸክላው ከሥሩ እንደ ቦይ እየተዞረ ተቆፈረ። በቦዩ ውስጥ ሬዚስታንስ ተቀበረ። ሬዚስታንስ ማለት ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት የሚግል የተጠቀለለ ሽቦ ነው። ከዚያ ሁሉም ነገር በቆርቆሮ አካል ውስጥ ገባ፤ እግርና ክዳን ወጣለት። መጀመሪያ ላይ «የኤሌክትሪክ ምጣድ» ነበር። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ «ምጣድ ገዛሁ» ያለ ሰው ባዶ ሸክላ ይዞ መጣ ብሎ የሚያስብ የለም። ቅጽሉ ወድቋል።

ቅጽሉ ሲወድቅ ሸክላውም ስሙን አጣ። የከተማ ሰው ምጣዱ ሲሰነጠቅበት «ሸክላው ተሰነጠቀ፣ ሸክላ ቀይርልኝ» ይላል። የድሮው ምጣድ ዛሬ የምጣድ መለዋወጫ ሆኗል። ገጠር ግን እንዲህ አይደለም። ከገበያ ምጣድ ተሸክማ የምትመለስ እናት የተሸከመችው ሸክላ ነው፤ «የኤሌክትሪክ» የሚለው ቃልም እዚያ አሁንም ያስፈልጋል። በአንድ ቋንቋ ውስጥ አንዱ ቃል ሁለት ዕቃ እየጠራ ነው ማለት ነው። ትግርኛ «ሞጎጎ»፣ አፋን ኦሮሞ «ኤሌ» ይላሉ። የእነርሱ ስሞች የሄዱበት መንገድ ራሱን የቻለ ጥናት ይፈልጋል፤ እዚህ በአማርኛው እንወሰን።

ሸክላው የሚሠራው ሥራ

ከመሣሪያው ክፍሎች ሁሉ እንጀራን እንጀራ የሚያደርገው ሸክላው ነው። ስለዚህ ትንሽ ጠጋ ብሎ ማየት ይጠቅማል።

አዲስ ምጣድ ወዲያው አይጋገርበትም። ይሟሻል። ሸክላው በደንብ ይግላል፤ የተወቀጠ ጎመን ዘር ይነሰነስበታል፤ በማሰሻ እየታሸ ፊቱ እስኪጠቁርና እስኪያብረቀርቅ ድረስ ይደጋገማል። የጎመን ዘሩ ዘይት በሸክላው ቀዳዳዎች ውስጥ ይገባና እየተቃጠለ ስስና ልስልስ ሽፋን ይሠራል። ሊጡ እንዳይጣበቅ የሚያደርገው ይህ ሽፋን ነው። መጀመሪያ የሚወጣውም እንጀራ ለመብል ሳይሆን ለማሟሻ ነው። «የምጣድ ማሟሻ አደረጉን» የሚለው አነጋገር የመጣው ከዚህ ነው፤ ሌላው እንዲመቸው ቀድሞ የሚቃጠል ማለት ነው።

ጋጋሪዎች «ምጣዱ ሰምቷል» ሲሉ ሊጥ ለመቀበል በቂ ግለት ይዟል ማለታቸው ነው። ይህ ግለት ብዙውን ጊዜ ከ180 እስከ 220 ዲግሪ ሴልሺየስ ይደርሳል። ከዚያ በታች ከሆነ እንጀራው ዓይን አያወጣም። ከዚያ በላይ ከሆነ ከሥሩ ያርራል፣ ከላይ ሳይበስል ይቀራል።

ሸክላ ሙቀት ቶሎ አይቀበልም፣ ቶሎም አይለቅም። ይህ ጠባዩ ለእንጀራ በረከት ነው። ቀዝቃዛ ሊጥ ሲፈስበት ግለቱ ድንገት አይወርድም፤ ፊቱም ዳር እስከ ዳር እኩል ይግላል። ለቆጣሪው ግን ዕዳ ነው። 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለውን ሸክላ ከዜሮ አንሥቶ ለማስማት ብዙ ጉልበት ይሄዳል፤ አንድ እንጀራ ገና ሳይወጣ። ወፍራም ሸክላ ይህን ዕዳ ይጨምራል። ቀጭን ሸክላ ይቀንሰዋል፣ ግን ቶሎ ይሰነጠቃል። የሸክላ ሠሪዋ እጅ በእነዚህ በሁለቱ መሀል ነው የሚሠራው። እውነቱን ለመናገር፣ ስለ ምጣድ ብቃት በሚደረግ ውይይት ሁሉ ይህን ሚዛን በእጇ የምታውቀው ባለሙያ ስሟ ሲነሣ አይሰማም። አዲስ አበባ ውስጥ ቀጨኔ አካባቢ በሸክላ ሥራ የኖሩ እናቶች እንዳሉ ሁሉም ያውቃል። ሙያቸው ለረጅም ዘመን ሲናቅ የኖረ ሙያ መሆኑንም እናውቃለን። ያ ንቀት ዛሬ የቴክኒክ እውቀት ጉድለት ሆኖ እየተከፈለ ነው።

ቆጣሪው ምን ይቆጥራል?

ዋት አንድ መሣሪያ በቅጽበት የሚወስደው የኃይል መጠን ነው። ኪሎዋት ሰዓት ደግሞ ያ ኃይል በጊዜ ሲባዛ ነው፤ ሒሳብ የምንከፍለው በዚህ ነው። በቤታችን ያሉ ብዙዎቹ ምጣዶች ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይወስዳሉ። 3.5 ብለን እንያዝ።

አንድ ቤተሰብ ምጣዱን ለሁለት ሰዓት ቢጠቀም 7 ኪሎዋት ሰዓት ይሄዳል። በሳምንት ሁለት ጊዜ ቢጋግር በወር ስምንት ጊዜ ይሆናል፤ 56 ኪሎዋት ሰዓት ማለት ነው። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ እንደ ፍጆታው መጠን በደረጃ የተከፋፈለ ሲሆን፣ ዝቅተኛው ደረጃ እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ነው። እንግዲህ አምፖሉና ፍሪጁ ሳይቆጠሩ ምጣዱ ብቻውን ከዝቅተኛው ደረጃ አስወጣን። ስለዚህ «ምጣዱ ይበላል» የሚለው ወሬ መሠረት አለው።

ግን የሚበላው የምጣዱ የቱ ክፍል ነው? ሽቦው ራሱ ኃይል አያባክንም። የገባውን ኤሌክትሪክ በሙሉ ማለት ይቻላል ወደ ሙቀት ይለውጣል። ብክነቱ የሚመጣው ሙቀቱ ከተፈጠረ በኋላ ነው። ከሸክላው ሥር መከለያ ከሌለ ሙቀቱ ወደ ታች፣ ወደ ቆርቆሮውና ወደ ወለሉ ይሄዳል። ሽቦው ሸክላውን በደንብ ካልነካ ደግሞ መሀሉ ያለው አየር ያግደዋል። ክዳኑ የማይገጥም ከሆነ ከላይም ይወጣል። ገበያ ላይ ያሉ ብዙ ምጣዶች ቴርሞስታት የላቸውም። ቴርሞስታት ግለቱ የተፈለገበት ደረጃ ሲደርስ ኤሌክትሪኩን በራሱ የሚያጠፋና ሲወርድ መልሶ የሚያበራ መቆጣጠሪያ ነው። እሱ ከሌለ ሥራውን የምትሠራው ጋጋሪዋ ናት፤ እያጠፋች፣ እያበራች፣ በእጇ ግምት።

አጋገሩም ይቆጠራል። ምጣዱን ለማስማት 15 ደቂቃ፣ ለአንድ እንጀራ ከመገልበጡና ከማሰሱ ጋር 3 ደቂቃ ተኩል ይፈጃል እንበል። 30 እንጀራ በአንድ ጊዜ ለመጋገር 2 ሰዓት ይበቃል፤ 7 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ያንኑ 30 እንጀራ አሥር አሥር አድርጎ በሦስት ቀን የሚጋግር ቤት ግን ምጣዱን ሦስት ጊዜ ያሰማል። ጠቅላላው 2 ሰዓት ተኩል፣ 8.75 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ሊጡም እንጀራውም ያው ሆኖ ሒሳቡ በሩብ ጨመረ። በኮንዶሚኒየም አንድ ቀን ጋግሮ ለጎረቤት ተራ የሚለቅ ሰው ሸክላው እንደጋለ ቢያስረክብ ሁለቱም ይጠቀማሉ።

ሌላው ጉዳይ ሶኬቱ ነው። 3.5 ኪሎዋት በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይስባል። ይህ የአንድ ተራ ሶኬት የመጨረሻ አቅም ነው። ሶኬት የሚቀልጠው፣ ገመድ የሚሸተው ለዚህ ነው። ምጣድ ከፍሪጅ ወይም ከስቶቭ ጋር በአንድ ማከፋፈያ ላይ መሰካት የለበትም። የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ያስፈልገዋል።

ቁጥሩ ወደ አገር ሲሰፋ ደግሞ አስቡት። 100 ሺህ ቤቶች በአንድ ሰዓት ምጣድ ቢሰኩ 350 ሜጋዋት ይፈለጋል። ግልገል ጊቤ አንድ በሙሉ አቅሙ 184 ሜጋዋት ነው። በበዓል ዋዜማ የሰፈር ትራንስፎርመር የሚጨነቀው በዚህ ምክንያት ነው። ግድቡ ኃይል ቢያመነጭም በመሀል ያለው መስመርና ትራንስፎርመር ያንን ሁሉ ምጣድ በአንድ ጊዜ ካልተሸከመ ኃይሉ ኩሽና አይደርስም። «ግድብ አለን፣ ምጣድ እንሰካ» የሚለው ክርክር የሚዘለው ይህንን ነው።

«ምርጥ» ምድጃ ነው፣ ምጣድ አይደለም

በኢትዮጵያ አብዛኛው ቤተሰብ ዛሬም የሚያበስለው በእንጨት፣ በኩበትና በከሰል ነው። ለእነዚህ ቤቶች የተዘጋጀው ዋናው መሻሻል ከ1980ዎቹ ጀምሮ የተሠራጨው «ምርጥ» ነው። ብዙ ሰው «ምርጥ ምጣድ» ይለዋል። ስሙ ተሳስቷል፤ ስሕተቱም ዋጋ ያስከፍላል።

«ምርጥ» ከሲሚንቶና ፑሚስ ከሚባል ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚሠራ፣ በክፍልፋይ ተሠርቶ የሚገጣጠም ምድጃ ነው። ሸክላው ምጣድ ከላዩ ይቀመጥበታል። ሥራው እሳቱን ዙሪያውን ከብቦ ነበልባሉ ወደ ምጣዱ ብቻ እንዲሄድ ማድረግ ነው። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የማገዶ ፍጆታን እስከ ግማሽ ሊቀንስ ይችላል። ግን የሚቀንሰው የተቀመጠበት ምጣድ ከአፉ ጋር ሲገጥም ነው። ምድጃው በፎርም ስለሚሠራ ልኩ አንድ ነው። ሸክላው በእጅ ስለሚሠራ ከሠሪ ሠሪ ይለያያል። ጠባብ ምጣድ ከተቀመጠ በክፍተቱ ነበልባል ይወጣል፣ ቁጠባውም አብሮ ይወጣል። ምድጃውን «ምጣድ» ብለን ስንጠራ ገዢዋ ሁሉንም የገዛች ይመስላታል። የሸክላው ልክ ጥያቄ ሆኖ ሳይነሣ ይቀራል።

«ላቀች» በአንጻሩ የከሰል ምድጃ ናት። ለወጥና ለቡና ትሆናለች፣ ለእንጀራ አትሆንም። ስለ «ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ» በሚወጡ ዜናዎች ሁለቱ ሲቀላቀሉ ይታያል። አንድ ወረዳ ቆጣቢ ምድጃ አዳረሰ ሲባል መጠየቅ ያለበት የእንጀራ ነው ወይስ የወጥ የሚለው ነው። እንጨት አብዝቶ የሚፈጀው እንጀራ መጋገር ስለሆነ።

በስታቲስቲክስም ተመሳሳይ ክፍተት አለ። የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ቤተሰቦች ካላቸው ዕቃ መካከል የኤሌክትሪክ ምጣድን ለይቶ ይጠይቃል። ይህ ጥሩ ነው። ግን ምጣድ መኖሩና በምጣድ መጋገሩ አንድ አይደሉም። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ብዙ ቤት ሁለቱንም ይዟል። የኤሌክትሪኩ ሳሎን ጥግ ላይ ይቆማል፤ ሸክላው ጓሮ ጉልቻ ላይ ይጣዳል። ያ ቤት በቁጥር ሲታይ ዘመናዊ ነው፤ ጭሱን ግን እናትየዋ አሁንም ትተነፍሰዋለች።

ባሕር ማዶ ስሙ ሄደ፣ ሸክላው ቀረ

አሜሪካ ውስጥ በብዙ ሐበሻ ቤት ያለው ምጣድ ሸክላ የለውም። «ሄሪቴጅ ግሪል» የሚባለው በስፋት የሚታወቀው መጋገሪያ ከኖርዌይ የሄዱ ስደተኞች ልጆች «ሌፍሳ» ለሚሉት የድንች ቂጣ የተሠራ ዕቃ ነው። የእኛ ሰዎች እንጀራ ጋገሩበት፣ ምጣድ አሉት። ስፋቱ 40 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ፊቱም ሊጥ የማይዝ ቅብ አለው። ጎመን ዘር አያስፈልገውም፣ አይሟሽም።

የሚያንሰው ያለ ምክንያት አይደለም። የአሜሪካ ተራ ሶኬት 120 ቮልትና 15 አምፔር ስለሆነ ከ1.8 ኪሎዋት በላይ አይሰጥም። የአገር ቤቱን ምጣድ ወስዶ እዚያ የሚሰካ ሰው በአግባቡ አይሠራለትም። በተቃራኒው የአሜሪካውን አገር ቤት አምጥቶ ያለ መቀየሪያ 220 ላይ የሚሰካ ሰው ወዲያው ያቃጥለዋል። ለዘመድ ምጣድ ለመላክ የሚያስብ ሰው ይህን ማየት አለበት።

የዳያስፖራው ምሳሌ የሚያሳየው ዛሬ «ምጣድ» የሚለው ስም የያዘው ሥራውን መሆኑን ነው። እንጀራ ከወጣበት፣ ሸክላም ይሁን አሉሚኒየም፣ ምጣድ ነው።

ስሙን እናስተካክል ወይስ እንተወው?

ሁለት ሐሳብ ይሰማል። አንደኛው ወገን ቃሉ ወደ ቦታው ይመለስ ይላል። ምጣድ ለሸክላው ይቅር፣ መሣሪያው «የእንጀራ መጋገሪያ» ይባል። ክርክሩ ክብደት አለው፤ ሸክላው ስሙን ሲያጣ ሠሪዎቹም አብረው ይረሳሉ። ሁለተኛው ወገን ቋንቋ በአዋጅ አይመለስም ይላል። ሚሊዮኖች «ምጣድ ሰካሁ» እያሉ ነው፤ ማንም «የእንጀራ መጋገሪያ ሰካሁ» አይልም።

ለኩሽና ንግግር ሁለተኛው ወገን ትክክል ይመስለኛል። ሰው እርስ በርሱ ይግባባል፤ ቦታውና ግሱ ይለዩለታል። «ጣደች» ሲባል ጉልቻ ነው፣ «ሰካች» ሲባል ኤሌክትሪክ ነው። ለደረጃ፣ ለጨረታ፣ ለዋስትና ወረቀትና ለዜና ግን ቦታና ግስ አይበቁም። እዚያ «የምጣድ ሸክላ»፣ «የኤሌክትሪክ ምጣድ»፣ «የእንጀራ ምድጃ» ተብሎ መለየት አለበት። ሦስቱም ሁሉም ሰው የሚያውቃቸው ቃላት ናቸው፤ አዲስ ስያሜ መፍጠር አያስፈልግም።

ኢንዳክሽን የሚባለው ምድጃ ገበያ ውስጥ እየገባ መሆኑም ይህን ያጠናክራል። ኢንዳክሽን በማግኔት ኃይል የዕቃውን ብረት ራሱን የሚያግል ምድጃ ነው። ሸክላ ብረት ስላልሆነ ምጣድ እላዩ ላይ ቢጣድ አይግልም። «ምጣድ ይሠራበታል?» ብሎ የሚጠይቅ ገዢ ሸክላውን ይሁን ብረት ምጣዱን ካልለየ፣ ሻጩ «አዎ» ቢለውም አይዋሽም።

መለያው የሚለጠፈው የት ላይ ነው?

የኢነርጂ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ለኤሌክትሪክ ምጣድ የብቃት ደረጃና መለያ ምልክት ለማውጣት ሲሠራ ቆይቷል። አቅጣጫው ትክክል ነው፤ ከቤት ዕቃዎች ሁሉ ትልቁን ፍጆታ የሚወስደውን ከመቆጣጠር መጀመር ተገቢ ነው። አንዳንድ አምራቾች ደረጃ ሲመጣ ዋጋ ይጨምራል፣ ትናንሽ ወርክሾፖች ይዘጋሉ ብለው ይሰጋሉ። ስጋቱ እውነት አለው። መከለያና ቴርሞስታት ያለው ምጣድ ሲገዛ ይወደዳል፤ ልዩነቱን የሚመልሰው በየወሩ ሒሳብ ላይ ነው። ታሪፉ በጨመረ ቁጥር ወጪው የሚመለስበት ጊዜ ያጥራል። በየወሩ የሚቆጥበውን ለማግኘት ቀድሞ መክፈል ለማይችል ቤተሰብ ግን በየጊዜው የሚከፈል ብድር ካልተመቻቸ መለያው ወረቀት ብቻ ነው።

ከዚህ የሚከብደው ሌላ ነው። መለያው የሚለጠፈው ቆርቆሮው ላይ ነው። ቆርቆሮው ለዓመታት ይኖራል። ሸክላው ይሰነጠቃል፣ ሬዚስታንሱ ይቃጠላል፤ ሁለቱም በሰፈር ጠጋኝ ይቀየራሉ። አዲሱ ሸክላ ከቀድሞው ሊወፍር ይችላል፤ አዲሱ ሽቦም ሊረዝም ወይም ሊያጥር። ሽቦ ሲያጥር የሚስበው ኃይል ይጨምራል፣ ሶኬቱንም ያቀልጣል። ብቃቱ የተመሰከረለት ምጣድ ከአንድ ጥገና በኋላ ከነመለያው ሌላ ምጣድ ሆኗል። ስለዚህ ደረጃው ለብቻ የሚሸጠውን ሸክላ ስፋትና ውፍረት፣ የሬዚስታንሱን ርዝመትና ዋት፣ የጠጋኙንም ሥልጠና መጨመር አለበት። እስከዚያው ሸክላ የሚያስቀይር ሰው ጠጋኙን ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ የሽቦው ዋት ስንት ነው? የአዲሱ ሸክላ ውፍረት ከአሮጌው ጋር እኩል ነው? ከሥር የነበረው መከለያ ተመልሶ ገብቷል?